የአንባቢያን ጥያቄ፦ በሦስት ካርታ ፖከር ቤቱ የሚበልጠን የት ላይ ነው?

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ጨዋታ ነው፤ ካዚኖ ውስጥ ስለሚጫወቱት የሦስት ካርታ ፖከር። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ ለሙሉ ለሱ ሰጠሁት።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። መጀመሪያ አንቴ የሚባለውን መደብ ታስይዛለህ። ላንተ ሦስት ካርታ፣ ለዲለሩም (ለቤቱ፣ ማለትም ለካዚኖው ለሚጫወተው አዳይ) ሦስት ካርታ ይታደላል። የራስህን ታያለህ፣ የሱን አታይም። ከዚያ ወይ ካርታህን ጥለህ አንቴህን ትተዋለህ፣ ወይ ደግሞ ከአንቴው እኩል የሆነ ሁለተኛ መደብ ጨምረህ ትፋጠጣለህ። ይሄ ሁለተኛው ፕሌይ ይባላል። ዲለሩ ቢያንስ ኩዊን፣ ወይም ጥንድና ከዚያ የተሻለ ካልያዘ «አልበቃም» ይባላል። ያኔ አንቴህ አንድ ለአንድ ይከፈልሃል፣ ፕሌይህ ግን ያለ ትርፍ ነው የሚመለሰው። ዲለሩ ከበቃ የተሻለ ካርታ የያዘው ያሸንፋል። ካሸነፍክ በሁለቱም መደብ ይከፈልሃል፣ ከተሸነፍክ ሁለቱም ይሄዳሉ። ፔር ፕላስ የሚባል ለብቻው የቆመ ውርርድም አለ፣ እሱን ወረድ ብለን እናየዋለን። ሒሳቡን ሁሉ በቺፕ ነው የምቆጥረው።

ጥያቄ፦ አንዱ ጓደኛዬ ኩዊንና ከዚያ በላይ ከያዝክ ሁሌም ግባ ይለኛል። ሌላው ደግሞ ፖከር የወኔ ጨዋታ ነው፣ ካርታ አትጣል፣ ዲለሩን አስፈራራው ይላል። የቱን ልስማ? (ግራ የገባው)

መልስ፦ ሁለተኛውን ተወው። እሱ የሚያወራው ሰዎች እርስ በርስ ስለሚጫወቱት ፖከር ነው። እዚያ ማስፈራራት ይሠራል፤ ከፊትህ ያለው ሰው ፈርቶ ካርታውን ሊጥል ይችላል። እዚህ ግን ዲለሩ የሚወስነው ነገር የለም። ፊትህን አያነብም፣ አይሰጋም፣ መጣልም አይፈቀድለትም፤ ካርታውን ገልብጦ ሕጉ የሚለውን ይፈጽማል። የሚወስን ሰው አንተ ብቻ ነህ፣ ውሳኔህም በዙር አንድ ናት፤ ልጣል ወይስ ልግባ?

የመጀመሪያው ጓደኛህ ግን ለእውነቱ በጣም ቀርቧል። ትክክለኛው ደንብ ኩዊን፣ 6፣ 4 ነው። ካርታህን ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድር። ጥንድ ወይም ከዚያ የተሻለ ካለህ ግባ። ትልቁ ካርታህ ኤስ ወይም ኪንግ ከሆነ፣ ሌሎቹ ምንም ይሁኑ፣ ግባ። ኩዊን ከሆነ ሁለተኛውን እይ፤ 7 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግባ፣ 5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጣል። ልክ 6 ከሆነ ሦስተኛውን እይ፤ 4 ወይም 5 ከሆነ ግባ፣ 3 ወይም 2 ከሆነ ጣል። ትልቁ ካርታህ ጃክና ከዚያ በታች ከሆነ፣ ጥንድም ሌላም ነገር ከሌለህ፣ ሳታቅማማ ጣል።

ለምን እዚህ ጋ ተቆረጠ? ይሄን ብትረዳው ደንቡ መቼም አይጠፋህም። ካርታህን ስትጥል በእርግጠኝነት አንድ አንቴ ታጣለህ። ስለዚህ መግባት የሚያዋጣው ማሸነፍ ስለሚመስልህ አይደለም፤ ብትገባ በአማካይ የምታጣው ከአንድ አንቴ ካነሰ ነው። ጃክ በትልቁ ይዘህ 100 ጊዜ ገባህ እንበል፣ በየዙሩ አንድ ቺፕ አንቴ፣ አንድ ቺፕ ፕሌይ። ዲለሩ ወደ 30 ጊዜ ገደማ አይበቃም፣ ስለዚህ 30 ቺፕ ታገኛለህ። በቀሩት 70 ጊዜ ይበቃል፤ የበቃ ዲለር ደግሞ ቢያንስ ኩዊን ስላለው የአንተን ጃክ ሁሌም ይበልጣል። በያንዳንዱ ሁለት ቺፕ፣ በድምሩ 140 ቺፕ ሄደ ማለት ነው። 30 አግኝተህ 140 ስታጣ ኪሳራህ 110 ነው። ዝም ብለህ ብትጥል 100 ብቻ ነበር የምታጣው። ኩዊን፣ 6፣ 4 ላይ ስትደርስ ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ገብተህ የምታጣው ከአንድ አንቴ በጥቂቱ ያንሳል። ኩዊን፣ 6፣ 3 ላይ ደግሞ በጥቂቱ ይበልጣል።

አሁን ጓደኞችህን በቁጥር ላስቀምጣቸው። ይሄን ደንብ የሚከተል ሰው ላይ ቤቱ ያለው ብልጫ ከአንቴው 3.37 በመቶ ነው፤ 100 ቺፕ አንቴ ባስያዝክ ቁጥር በአማካይ 3 ቺፕ ከምናምን ለቤቱ ይቀራል ማለት ነው። በኩዊን ሁሉ የሚገባው ጓደኛህ 3.45 ይከፍላል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ አልጣላውም። ካርታ የማይጥለው ጓደኛህ ግን 7.65 በመቶ ይከፍላል። ወኔ የሚለው ነገር ኪሳራውን ከእጥፍ በላይ አድርጎበታል።

ጥያቄ፦ 10 ቺፕ አንቴ፣ 10 ቺፕ ፕሌይ አስይዤ ጥንድ ኤስ ያዝኩ። ዲለሩ ጃክ ብቻ ገለበጠ። የተከፈለኝ 10 ቺፕ ብቻ ነው። ተበላሁ እንዴ?

መልስ፦ አልተበላህም፣ ሕጉ ነው። ዲለሩ አልበቃም። አንቴህ ተከፈለ፣ ፕሌይህ ባዶውን ተመለሰ። መናደድህ ግን ይገባኛል፣ ምክንያቱም ቤቱ ከሚበልጥባቸው ቦታዎች አንዱን ራስህ አገኘኸው። ከ52 ካርታ ሊወጣ የሚችለው የሦስት ካርታ ድርድር በጠቅላላው 22,100 ነው። ከዚያ ውስጥ 6,720ው ጃክና ከዚያ በታች ሆኖ ምንም ያልሠራ ነው፤ 30.4 በመቶ መሆኑ ነው። ያማረ ካርታ ስትይዝ፣ ከሦስት ጊዜ አንዱ ያህል፣ ፕሌይህ ምንም ሳያመጣ ይመለሳል።

ሁለተኛው ቦታ ይብሳል፣ ግን ስለማይታይ ማንም አያማርርበትም። ቀድመህ የምትወስነው አንተ ነህ። በትክክል ብትጫወት እንኳ ከሦስት ዙር አንዱን ትጥላለህ፤ ከነዚያ ውስጥ በሲሶው ገደማ ዲለሩም አይበቃም ነበር። ሁለታችሁም ምንም ሳይኖራችሁ አንተ ጥለህ ስለሄድክ አንቴው የሱ ሆነ። ከአሥር ዙር አንዱ ገደማ እንዲህ ነው የሚያልቀው።

አንድ ማካካሻ አለ፤ የአንቴ ቦነስ። ተከታታይ (እንደ 5፣ 6፣ 7 ያለ)፣ ሦስት ተመሳሳይ ወይም ባንድ ምልክት የሆነ ተከታታይ ከያዝክ፣ ዲለሩ ቢያሸንፍህም እንኳ ቦነሱ ይከፈልሃል። የተለመደው ክፍያ በዚሁ ቅደም ተከተል የአንቴው 1፣ 4፣ 5 እጥፍ ነው። አንዳንድ ጠረጴዛ ላይ 1፣ 3፣ 4 ይሆናል፣ የቤቱም ብልጫ ወደ 3.83 ይወጣል። 1፣ 2፣ 3 ከሆነ 4.28 ይደርሳል። ከመቀመጥህ በፊት ጨርቁ ላይ የታተመውን አንብብ።

ጥያቄ፦ እኔ አንቴው ላይ በትንሹ ነው የምጫወተው፣ ትልቁን ቺፕ የማስቀምጠው ፔር ፕላስ ላይ ነው። ከዲለሩ ጋር ስለማልፋጠጥና ለብርቅ ካርታ 40 እጥፍ ስለሚከፈል ይሻለኛል ብዬ ነው። ትክክል ነኝ? (የዓምዱ ተከታታይ)

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱ ጠረጴዛው ላይ ባለች አንዲት ቁጥር ይወሰናል። እባክሽ ይሄን ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ ከዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ገንዘብ ያለበት ይሄኛው ነው።

ፔር ፕላስ ላይ የምትወራረጂው ጥንድና ከዚያ በላይ እንደምትይዢ ነው። ዲለሩ ምን ያዘ አይመለከትሽም፣ ይሄ ልክ ነው። ከ22,100ው ድርድር ውስጥ 48ቱ ባንድ ምልክት የሆነ ተከታታይ ናቸው። 52ቱ ሦስት ተመሳሳይ፣ 720ው ተከታታይ፣ 1,096ቱ አንድ ምልክት (የሦስቱም ካርታ ምልክት አንድ ሆኖ ያልተከታተሉ)፣ 3,744ቱ ጥንድ። የቀሩት 16,440ዎቹ ባዶ ናቸው። ከአራት ዙር በሦስቱ ቺፕሽ ይሄዳል ማለት ነው።

ድሮ የተለመደው ክፍያ 40፣ 30፣ 6፣ 4፣ 1 ነበር። አሁን በብዙ ቦታ የምታገኚው 40፣ 30፣ 6፣ 3፣ 1 ነው። አየሽው? የተነካችው አራተኛዋ ብቻ ናት፤ አንድ ምልክት ስትይዢ የሚከፈለው ከ4 ወደ 3 ወረደ። 40ውንና 30ውን አልነኩም፤ ዓይን የሚያርፍባቸው እነሱ ናቸዋ።

እስቲ እናስላው። ሁሉንም 22,100 ድርድር አንድ አንድ ጊዜ፣ በአንድ አንድ ቺፕ ተጫወትሽ እንበል። በአዲሱ ክፍያ ከ48ቱ 1,920 ቺፕ ታተርፊያለሽ፣ ከሦስት ተመሳሳዮቹ 1,560፣ ከተከታታዮቹ 4,320፣ ከአንድ ምልክቶቹ 3,288፣ ከጥንዶቹ 3,744። ሲደመር 14,832። ያጣሽው ደግሞ 16,440። ልዩነቱ 1,608 ቺፕ ነው፤ ለ22,100 ሲካፈል 7.28 በመቶ። በድሮው ክፍያ ቢሆን አንድ ምልክት ብቻውን 1,096 ቺፕ ይጨምርልሽ ስለነበር ልዩነቱ ወደ 512 ይወርዳል፤ 2.32 በመቶ። አንዲት ቁጥር ከ4 ወደ 3 ስትወርድ የቤቱ ብልጫ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። 7.28 በመቶ ሁለት ዜሮ ካለው የሩሌት ጎማ ራሱ ይብሳል፤ እዚያ 5.26 ነው።

ስለዚህ 4 የሚከፍል ጠረጴዛ ካገኘሽ ልማድሽ አይጎዳሽም፣ እንዲያውም በመቶኛ ሲታይ ከአንቴው ይሻላል። 3 ከሆነ ግን ትልቁን ቺፕ የተሳሳተ ቦታ ነው የምታስቀምጪው። ለ40 እጥፉም ብዙ አትጓጊ፤ በአማካይ በ460 ዙር አንዴ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ በአምስት ካርታ ፖከር አንድ ምልክት ተከታታይን ይበልጣል። እዚህ ለምን ተገለበጠ?

መልስ፦ ብርቅ የሆነው ስለሚበልጥ ነው። በሦስት ካርታ ተከታታይ 720፣ አንድ ምልክት 1,096 ነው። በአምስት ካርታ ደግሞ ተከታታይ 10,200፣ አንድ ምልክት 5,108። ሦስት ተመሳሳይም በዚሁ ሒሳብ እዚህ ከሁለቱም በላይ ሆኗል። በነገራችን ላይ ጨዋታውን በዚህ መልኩ ያዘጋጀው ዴሪክ ዌብ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1994፤ መነሻው ብራግ የሚባለው የቆየ የእንግሊዞች የካርታ ጨዋታ ነው።

ጥያቄ፦ የወጡትን ካርታዎች በቃሌ ብይዝ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ አይጠቅምህም። በየዙሩ ሙሉው 52 ካርታ እንደገና ይበወዛል፣ አብዛኛውን ጊዜ በማሽን። ያለፈው ዙር ለሚቀጥለው የሚነግርህ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ሲስተም አለኝ። በተሸነፍኩ ቁጥር አንቴዬን እጥፍ አደርጋለሁ፣ ባሸነፍኩ ጊዜ ወደ 10 ቺፕ እመለሳለሁ። ሦስት ምሽት በተከታታይ አትርፌ ወጥቻለሁ። ቁጥሮችህ ለምን እኔ ላይ አልሠሩም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማትረፍህን አምናለሁ። ቁጥሮቹም አልተሳሳቱም፣ ሁለቱ አይጋጩም። 50 ዙር በእኩል አንቴ ብትጫወት የሚጠበቀው ኪሳራህ አንድ አንቴ ከ70 መቶኛ ገደማ ብቻ ነው። ዕድል ግን በዚያው 50 ዙር ውስጥ ወደ 12 አንቴ ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ያወዛውዝሃል። ስለዚህ በአንድ ምሽት አትርፎ መውጣት ብርቅ አይደለም፣ ሦስት ምሽትም ያጋጥማል። ዙሩ ሲበዛ ነው ነገሩ የሚለየው። 5,000 ዙር ላይ የሚጠበቀው ኪሳራ ወደ 170 አንቴ ይጠጋል፣ የዕድሉ ውዝዋዜ ደግሞ 116 ገደማ። 50,000 ዙር ላይ ኪሳራው 1,685 ይሆናል፣ ውዝዋዜው 370 እንኳ አይሞላም። ያኔ ዕድል የሚያድነው ሰው የለም ማለት ይቻላል።

እጥፍ የማድረጉን ነገር ደግሞ በዚህ ጨዋታ ላይ ሞክረህ በወረቀት አስላው። 10 አስይዘህ ገብተህ ተሸነፍክ፤ ያጣኸው 20 ነው፣ ምክንያቱም ፕሌዩም ሄዷል። 20 አስያዝክ፣ ገብተህ ተሸነፍክ፤ 40 ሄደ፣ በድምሩ 60። አሁን 40 አስይዘህ አሸነፍክ፣ ግን ዲለሩ አልበቃም፤ የምታገኘው 40 ብቻ ነው። አሸንፈህም 20 ቺፕ ጎሎሃል! ሲስተሙ የተሠራው ያስያዝከውን ያህል ብቻ ለምታጣበት ጨዋታ ነው፣ ለዚህ አይሆንም። ስድስት ጊዜ በተከታታይ ገብተህ ከተሸነፍክ 1,260 ቺፕ ሄዷል፣ ሰባተኛው ዙር ደግሞ 640 አንቴና 640 ፕሌይ ይፈልጋል። ጠረጴዛው የውርርድ ጣሪያ ስላለው ያን ያህል ላይቀበልህም ይችላል። ያተረፍካቸው ሦስት ምሽቶች ያ ተከታታይ ሽንፈት ያልመጣባቸው ምሽቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ ከወዳጆቼ ጋር ለብዙ ዓመታት ፖከር ተጫውቻለሁ፣ ካዚኖ ግን የገባሁት ከጡረታ በኋላ ነው። ከቤቱ ጋር ከሚጫወቱት የፖከር ዓይነቶች የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ አባቴ፣ በመጀመሪያ የለመዱት ነገር እዚህ እንደማይሠራ ልንገርዎ። ከወዳጆችዎ ጋር ሲጫወቱ ገንዘቡ በመካከላችሁ ነው የሚዞረው፣ ጎበዝ የሆነ ሰው በረጅም ጊዜ ሊያተርፍ ይችላል። ከቤቱ ጋር ሲሆን ግን የቱንም ያህል ቢጎብዙ የሚያደርጉት ኪሳራን መቀነስ ነው።

በቁጥር ከሄድን፣ በትክክል ለተጫወተ ሰው የካሪቢያን ስተድ ብልጫ ከአንቴው 5.22 በመቶ ነው። ሌት ኢት ራይድ 3.51። ሦስት ካርታ ያው 3.37። አልቲሜት ቴክሳስ ሆልደም ወደ 2.19 ይወርዳል፣ ግን ልብ ይበሉ፣ እዚያ ጥሩ ካርታ ሲይዙ የአንቴውን አራት እጥፍ መጨመር አለብዎት፤ ያን ካላደረጉ ብልጫው ይጨምራል። በአንቴ መጠን ብቻ ማወዳደርም ያሳስታል። በሦስት ካርታ በአማካይ የሚያስይዙት አንድ አንቴ ከ67 መቶኛ ነው፣ በአልቲሜት ግን ከአራት አንቴ በላይ። ቦርሳዎ አነስተኛ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ሦስት ካርታን በትንሹ አንቴ፣ ያለ ፔር ፕላስ እመርጣለሁ። ደንቡ ላንድ ምሽት አይከብድም፣ በሚቀጥለውም አይረሳም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ያጣውን ለማስመለስ እያለ በየምሽቱ ይሄዳል። ይሄን ዓምድ ያነባል። ምን ብዬ ላናግረው? (እህት)

መልስ፦ ስለ ዕድል አትከራከሪው፣ አንድ ያተረፈበት ምሽት ጠርቶ ይረታሻል። ዕዳውንም በድብቅ አትክፈይለት፤ የሚቀጥለውን ምሽት መነሻ ነው የሚያደርገው። በብዙ አገር ያሉ ካዚኖዎች «እንዳታስገቡኝ» ብሎ የሚጠይቅን ሰው ስሙን መዝግበው ይከለክላሉ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው ከራሱ መምጣት አለበት። ስለዚህ አብረሽው ሂጂ፣ ቅጹን ሲሞላ ከጎኑ ሁኚ።

ቀሪውን ለሱ ልጻፍለት። ወንድሜ፣ ይሄን እያነበብክ ከሆነ፣ ካርታው ካንተ የወሰደውን አያስታውስም። ያጣኸውን ለማስመለስ ሌላ 500 ዙር ብትቀመጥ፣ አንዲት ስህተት ሳትሠራ እንኳ፣ በአማካይ 17 አንቴ ጨምረህ ነው የምትነሳው። ፔር ፕላሱ 3 የሚከፍል ከሆነና እሱም ላይ ያንኑ ያህል ካስያዝክ ሌላ 36 ይጨመርበታል። 500 ዙር ደግሞ ጥቂት ምሽት ነው። እህትህ ደብዳቤውን የጻፈችው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ አንተ ገና አልገባህም ነበር።